አንድ መስመር ጨመርኩ፣ ከርነሉ ሞተ፦ ስለ ሊንከርና ስለ አድራሻ ወሰን

ለመማሪያ ብዬ የምጽፋት አንዲት ትንሽ ከርነል፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ አለችኝ። ለ32 ቢት ኤክስ86 ፕሮሰሰር የተሠራች ናት። ለሳምንታት ያለ ችግር ስትነሳ ቆየች። አንድ ማታ ስክሪን ላይ ሰላምታ የምታትም አንድ መስመር ጨመርኩባት። ኮምፓይል አድርጌ ኪውኢሙ በሚባለው የኮምፒውተር አስመሳይ ፕሮግራም ላይ አስነሳኋት። ስክሪኑ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል። ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል። ማሽኑ ራሱን ደጋግሞ ሪስታርት እያደረገ ነው።

መስመሯን ሳወጣት ከርነሏ ደህና ናት። ስመልሳት ትሞታለች። እንግዲህ ማን ይጠረጠራል? ሰላምታዋ ናታ! የማተሚያውን ፈንክሽን ፈተሽኩት፣ ፈታሁት፣ ከዜሮ ጻፍኩት። ሁለት ማታ በላብኝ። የማታ ማታ እንደተረዳሁት መስመሯ ምንም አላጠፋችም። ቦታ ያዘች፣ ያ ብቻ ነው ጥፋቷ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የሰላምታዋ ፊደላት ሜሞሪ ውስጥ ሲቀመጡ ከኋላቸው ያለውን ሁሉ ገፉት። ከተገፉት አንዱ ፔጅ ዳይሬክተሪው ነበር። ይህ ፕሮሰሰሩ አድራሻ ለመተርጎም የሚያነበው፣ 1024 መስመር ያለው ሠንጠረዥ ነው። ፔጅ የሚባለው 4096 ባይት የሆነ የሜሞሪ ቁራጭ ነው። ከሰላምታዋ በፊት አድራሻው 1069056 ነበር። ከሰላምታዋ በኋላ 1069088 ሆነ። ልዩነቱ 32 ባይት ብቻ ነው።

ፕሮሰሰሩ የዚህን ሠንጠረዥ አድራሻ ሲአር3 በሚባለው ሬጂስተር (በራሱ ውስጥ ባለ ትንሽ ማኖሪያ) ይቀበላል። የታችኞቹን 12 ቢቶች ግን እንደ አድራሻ አይቆጥራቸውም። ሠንጠረዡ ሁልጊዜ ለ4096 ያለ ቀሪ በሚካፈል አድራሻ ላይ ይጀምራል ብሎ ነው የሚነሳው። ስለዚህ 1069088 ብዬ ስሰጠው 1069056 ብሎ ሰማኝ። አልተቆጣም፣ አላስጠነቀቀም። ከሠንጠረዡ 32 ባይት ቀድሞ ማንበብ ጀመረ። እያንዳንዱ መስመር 4 ባይት ስለሆነ ሁሉም ነገር በ8 መስመር ተንሸራተተ። የመጀመሪያውን 4 ሜጋባይት የሚገልጸው መስመር ሄዶ ሄዶ የ32ኛው ሜጋባይት ገላጭ ሆነ። ከርነሉ ራሱ የተኛበት ቦታ ደግሞ ገላጭ አጣ። ፔጂንግ (ይህ የአድራሻ ትርጉም) በተከፈተ በቀጣዩ መመሪያ ላይ ፔጅ ፎልት፣ ማለትም «በዚህ አድራሻ መጠቀም አይቻልም» የሚል ስህተት፣ መጣ። እሱን የሚያስተናግደው ኮድም የተቀመጠው እዚያው ገላጭ ያጣ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ በስህተቱ ላይ ሌላ ስህተት (ደብል ፎልት)፣ ከዚያ ሦስተኛ (ትሪፕል ፎልት)፣ ከዚያ ሪስታርት።

ታዲያ እነዚያን ሳምንታት እንዴት ሠራች? በለስ ቀንቶኝ ነዋ። ኮምፓይለሩ ትልልቅ አሬዎችን (ተከታታይ ዝርዝሮችን) በራሱ ፈቃድ በ32 ባይት ወሰን ላይ ያስቀምጣቸው ነበር። በ32 ወሰን ላይ ካሉ 128 ተከታታይ ቦታዎች ለ4096 የሚካፈለው አንዱ ብቻ ነው። እኔ ያንን አንዱን አግኝቼ ሳላውቀው ስጠቀምበት ኖሬያለሁ።

አላይንመንት ስንል

ቃሉ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ተራ ሂሳብ ነው። አንድ ዕቃ «በ4096 አላይን ሆኗል» ማለት የሚጀምርበት አድራሻ ለ4096 ያለ ቀሪ ይካፈላል ማለት ነው። በቃ። ቁጥሩ ሁልጊዜ 2ን በራሱ በማባዛት የሚገኝ ነው፦ 4፣ 16፣ 64፣ 2048፣ 4096። ይህም በምክንያት ነው። እንዲህ ያለ አድራሻ በሁለትዮሽ ሲጻፍ መጨረሻው ዜሮ ብቻ ይሆናል። ዜሮ መሆኑ አስቀድሞ የታወቀን ቢት ደግሞ ለሌላ ሥራ ማዋል ይቻላል። ሃርድዌር ሠሪዎች እዚህ ላይ ቆጣቢ ናቸው። በፔጅ ቴብል መስመር ውስጥ ከእነዚያ 12 ቢቶች አንዱ «ይህ ፔጅ አለ» ይላል፣ ሌላው «ይጻፍበታል» ይላል።

ጠያቂው ኤክስ86 ብቻ እንዳይመስላችሁ። አርም64 በሚባለው የፕሮሰሰር ዓይነት ላይ የኤክሴፕሽን ሠንጠረዡ (ስህተት ወይም ማቋረጫ ሲመጣ ፕሮሰሰሩ የሚዘልበት) 16 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 128 ባይት ናቸው። ሠንጠረዡ በ2048 ወሰን ላይ ካልተቀመጠ ፕሮሰሰሩ ሌላ ቦታ ይዘላል። 16 ባይት በአንድ ጊዜ የሚያነሱ አንዳንድ የኤስኤስኢ (የኤክስ86 ተጨማሪ) መመሪያዎችም አድራሻው ለ16 ካልተካፈለ ወዲያው ይጮኻሉ። የሚጮኸው ደግነቱ ይታወቃል። አደገኛው ዝም ብሎ የተሳሳተ ቦታ የሚያነበው ነው።

ሊንከሩ የሚያውቀውና የማያውቀው

ሊንከር ኦብጀክት ፋይሎችን አገጣጥሞ አንድ ፕሮግራም የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ኮምፓይለሩ ከእያንዳንዱ የኮድ ፋይል አንድ ኦብጀክት ፋይል ያወጣል። ውስጡ ሴክሽኖች አሉ። ኮዱ .ቴክስት ውስጥ ነው፣ የማይለወጠው ዳታ .ሮዳታ ውስጥ፣ የሚለወጠው .ዳታ ውስጥ፣ ከዜሮ የሚነሳው ደግሞ .ቢኤስኤስ ውስጥ። ኮዱ ላይ ስሞቹ በእንግሊዝኛ እንደሚጻፉ ታውቃላችሁ፣ እዚህ ግን በፊደላችን እቀጥላለሁ። እያንዳንዱ ሴክሽን «ቢያንስ በዚህ ቁጥር አላይን አድርገህ አስቀምጠኝ» የሚል ቁጥር ይዞ ይመጣል። ሊንከሩ ወንድማማቾቹን ይሰበስባል፣ ጎን ለጎን ይደረድራል፣ በመካከል ክፍተት ቢያስፈልግ በመሙያ ባይት ይሞላል። ከሁሉም ትልቁ ቁጥር የተዋሐደው ሴክሽን ቁጥር ይሆናል።

ሊንከሩ ከዚህ የተረፈ ዕውቀት የለውም። የእኔ ሠንጠረዥ ፔጅ ዳይሬክተሪ መሆኑን ማን ነገረው? ለእሱ 1024 ቁጥሮች ናቸው፣ አለቀ።

መፍትሔው ሁለት መንገድ አለው። ብዙ ሰው የሚሄድበት የመጀመሪያው ሊንከር ስክሪፕቱን (ሊንከሩ ሴክሽኖቹን እንዴት እንደሚደረድር የሚነግረውን ፋይል) ከፍቶ ከ.ቢኤስኤስ በፊት «. = አላይን(4096)» ብሎ መጻፍ ነው። ይሠራል። ግን የሚሠራው ሠንጠረዡ በ.ቢኤስኤስ ውስጥ የመጀመሪያው ዕቃ እስከሆነ ድረስ ነው። ነገ ሌላ ፋይል ጨምራችሁ የዚያ ፋይል አንድ ተለዋዋጭ ከፊት ቢገባ ያው ጉድ ይመለሳል። በሽታውን ማስታገስ እንጂ ማዳን አይደለም።

ሁለተኛው ሠንጠረዡ በሚታወጅበት በሲ ኮዱ ላይ፣ እዚያው ስሙ አጠገብ፣ በ4096 አላይን እንዲሆን በአትሪቢዩት መጻፍ ነው። ያኔ ጥያቄው ኦብጀክት ፋይሉ ውስጥ ይገባል፣ ሊንከሩም ዕቃውን የትም ቢያስቀምጠው ጥያቄውን ያከብራል። እኔ በዚህ ላይ ግትር ነኝ። አንድ ዕቃ የሚያስፈልገው ወሰን ዕቃው በተወለደበት ቦታ ይጻፍ። ስክሪፕቱ የሴክሽኖችን ድንበር ያስተካክል፣ የግለሰብ ዕቃ ጉዳይ ውስጥ አይግባ።

ሠንጠረዡን በአሴምብሊ የምትጽፉ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። «.አላይን 4» የሚለው ትእዛዝ በጂኤንዩ አሴምብለር በኤክስ86 ሊኑክስ ላይ 4 ባይት ማለት ነው። አርም ላይ ግን 2 አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ፣ ማለትም 16 ባይት ነው። ያንኑ መስመር ከአንዱ ወደ ሌላው ገልብጣችሁ ትርጉሙ ይለወጥባችኋል። «.ቢአላይን» ሁልጊዜ የባይት ቁጥር ነው የሚቀበለው። እሱን ተጠቀሙ፣ ከጭቅጭቅ ትድናላችሁ።

ነጥቧ

ሊንከር ስክሪፕት ውስጥ ብቻዋን የምትቆም ነጥብ አለች። «አሁን የደረስኩበት አድራሻ» ማለት ናት። ዕቃ በተቀመጠ ቁጥር ወደፊት ትሄዳለች። «. = አላይን(4096)» ስንል ነጥቧን ወደ ቀጣዩ የ4096 ብዜት ውሰዳት ማለታችን ነው።

በቁጥር እንየው። ከርነሉ 1048576 ላይ፣ ማለትም ልክ 1 ሜጋባይት ላይ ይጀምራል። ኮዱ 9300 ባይት ነው። ኮዱ ሲያልቅ ነጥቧ 1057876 ላይ ናት። አላይን ስናደርጋት 1060864 ላይ ትደርሳለች። በመካከል 2988 ባይት መሙያ ገባ።

«ለምን 2988 ባይት አባክናለሁ?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ፈቃድ ነው። ፕሮሰሰሩ «ይህ ይነበባል፣ ይህ ይጻፍበታል፣ ይህ ይሠራል» የሚለውን የሚወስነው በሙሉ ፔጅ ነው፣ ከዚያ በታች አይወርድም። መሙያውን ካስቀረን የመጨረሻው የኮድ ፔጅ 1108 ባይት ኮድ ይይዝና ቀሪው የሌላ ሴክሽን ዳታ ይሆናል። ያ ፔጅ እንግዲህ ምን ፈቃድ ይሰጠው? ይጻፍበት ካልን ኮዱም ይጻፍበታል። አይጻፍበት ካልን ዳታው ላይ ለመጻፍ የሞከረ ሁሉ ፔጅ ፎልት ይቀበላል። የጂኤንዩ ሊንከር ከ2.39 ስሪት ጀምሮ የሚጻፍበትም የሚሠራም ክፍል ሲያገኝ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ብዙዎች ማስጠንቀቂያውን የሚያጠፋውን አማራጭ ፈልገው ይጨምራሉ። እኔም አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ። ሴክሽኑ የሚጀምርበት አድራሻና እናንተ «መጀመሪያው» ብላችሁ የሰየማችሁት ሲምቦል (የአድራሻ ስም) ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ስክሪፕት ላይ እንዲህ ተጽፎ ታገኛላችሁ፦ መጀመሪያ «የሠንጠረዥ_መነሻ = .»፣ ቀጥሎ የሴክሽኑ ስምና ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ በቅንፍ ውስጥ ይዘቱ። ሲነበብ ምንም እንከን የለበትም። ግን ሲምቦሉ የተመዘገበው ነጥቧ ገና ሳትንቀሳቀስ ነው። ከዚያ ሊንከሩ ወደ ሴክሽኑ ሲደርስ በ16 አላይን መሆን እንዳለበት ያይና ነጥቧን ይገፋታል። ሲምቦሉ ከመሙያው በፊት ቀረ፣ ሴክሽኑ ከመሙያው በኋላ ጀመረ።

ሠንጠረዡ ከርነሉ ሲነሳ ተራ በተራ የሚጠራቸው የፈንክሽን አድራሻዎች ቢሆኑስ? ከርነሉ ከሲምቦሉ ይጀምራል፣ የመጀመሪያውን አድራሻ ያነባል፣ የሚያገኘው መሙያ ነው። መሙያው ብዙ ጊዜ ዜሮ ነው። ከርነሉ አድራሻ 0 ላይ ዘሎ ይገባል። ከዚያ የሚሆነውን እናንተው ገምቱት።

ማስተካከያው ሲምቦሉን ወደ ቅንፉ ውስጥ ማስገባት ነው፣ ከይዘቱ በፊት የመጀመሪያው መስመር ላይ። እዚያ ሲሆን ሲምቦሉና ሴክሽኑ አንድ አድራሻ ይይዛሉ። አላይን የሚለውን ትእዛዝ ግን ቅንፉ ውስጥ ሳይሆን የሴክሽኑ በር ላይ፣ ከስሙ አጠገብ ጻፉት። ውስጥ ከጻፋችሁት መሙያው የሴክሽኑ አካል ይሆናል፣ ሴክሽኑ ራሱ ግን እንደተጣመመ ይጀምራል። ፈቃድ የሚለይበት ድንበር ላይ ይህ ዋጋ ያስከፍላል።

መጨረሻውም የራሱ ጣጣ አለው። .ቢኤስኤስን ዜሮ የሚያደርገው ሉፕ አብዛኛውን ጊዜ በ4 ወይም በ8 ባይት እየዘለለ ነው የሚሄደው። ብዙ ሰው ደግሞ ማቆሚያውን «መጨረሻው ጋር እኩል እስክትሆን» ብሎ ይጽፈዋል። መጨረሻው ለ4 የማይካፈል ከሆነ፣ ለምሳሌ 2 ቢተርፍ፣ ሉፑ መጨረሻውን ዘሎት ያልፋል። እኩል የሚሆንበት ቀን አይመጣም። ወደፊት እየሄደ ያገኘውን ሁሉ ዜሮ ያደርጋል። ስለዚህ የመጨረሻው ሲምቦል ከመሰየሙ በፊት ነጥቧን አላይን አድርጓት፣ ሉፑንም «ካነሰ ቀጥል» በሚል ጻፉት። ሁለቱንም። አንዱ ቢረሳ ሌላው ይይዘዋል።

ቀዳዳ ያለበት ሠንጠረዥ

ይህ ዓይነቱ ችግር የጀማሪ ብቻ ነው ያለ ተሳስቷል። ሊኑክስ ከርነል ውስጥ በብዙ ፋይሎች የተበታተኑ ስትራክቶችን (የተያያዙ ዳታዎች ጥቅሎችን) አንድ ሴክሽን ውስጥ ሰብስቦ እንደ አሬ የማንበብ ልማድ አለ። ዘዴው ቆንጆ ነው፣ ማንም አዲስ ነገር ሲጨምር ማዕከላዊ ዝርዝር መንካት የለበትም። ግን አንድ ያልተጻፈ ግምት ተሸክሟል። ስትራክቶቹ ያለ ክፍተት ይደረደራሉ የሚል ግምት።

አንዱ ስትራክት 56 ባይት ነው እንበል። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ደግሞ ለብቻው የታወጀን ትልቅ ስትራክት ለፍጥነት ሲል በ32 ባይት ወሰን ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ስትራክት 56ኛው ባይት ላይ ሳይሆን 64ኛው ላይ ይጀምራል። አንባቢው ግን አሬ ነው ብሎ ስለሚያምን 56 ባይት ዘሎ ያነባል። ሁለተኛውን 8 ባይት ቀድሞ፣ ሦስተኛውን 16 ባይት ቀድሞ ያገኘዋል። እያደር ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

የሊኑክስ ስክሪፕት ለዚህ የሚሆን የ32 ባይት ወሰን በስም ተሰይሞለታል። እሱ ግን የሚያስተካክለው የሠንጠረዡን መነሻ ነው፣ የውስጡን ክፍተት አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2011 ትሬስፖይንት በሚባለው የከርነሉን ሥራ መከታተያ ክፍል ላይ የተወሰደው መፍትሔ በጣም ደስ ይለኛል። ስትራክቶቹን ራሳቸውን መደርደር ተዉና የእያንዳንዳቸውን ፖይንተር (አድራሻ) ደረደሩ። ፖይንተር በ64 ቢት ላይ 8 ባይት ነው፣ አላይንመንቱም 8 ነው። በሁለት ፖይንተር መካከል ክፍተት የሚገባበት ምክንያት የለም። ስትራክቶቹ የትም ይቀመጡ፣ ማንም ግድ የለውም። ሠንጠረዡ ትንሽ ተጨማሪ ቦታ በላ፣ በምትኩ ኮምፓይለሩ ነገ ሐሳቡን ቢቀይር እንኳ የሚፈርስ ነገር የለም።

ፋይሉ ውስጥ የተደበቀው ወሰን

እስካሁን ያወራነው ስለ ሜሞሪ ነው። ሊንከሩ የሚያወጣው ኤልፍ የሚባለው ፋይል ራሱ ሌላ ሕግ አለው። ወደ ሜሞሪ የሚጫን እያንዳንዱ ክፍል በፋይሉ ውስጥ ያለበት ቦታና የሜሞሪ አድራሻው ለፔጅ መጠኑ ሲካፈሉ ተመሳሳይ ቀሪ ሊኖራቸው ይገባል።

ይህ የት ይነክሳል? ማልቲቡት የሚባለው በቡትሎደሩና (ከርነሉን በሚጭነው ፕሮግራም) በከርነሉ መካከል ያለ ስምምነት የመጀመሪያ ስሪቱ ላይ መለያ ሄደሩ በፋይሉ የመጀመሪያ 8192 ባይት ውስጥ እንዲገኝ ይጠይቃል። የድሮ የ64 ቢት ሊንከሮች ግን ትልቁን የፔጅ መጠን 2 ሜጋባይት ብለው ነበር የሚነሱት። ከርነሉ የሚጫነው 1 ሜጋባይት ላይ ነው። 1 ሜጋባይት ለ2 ሜጋባይት ሲካፈል ቀሪው ያው 1 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ ሊንከሩ ሕጉን ለማክበር ሲል ኮዱን በፋይሉ ውስጥም 1 ሜጋባይት ላይ ያስቀምጠዋል። ፋይሉ ያብጣል፣ ሄደሩ ከ8192 ባይት ርቆ ይሄዳል፣ ቡትሎደሩ «ሄደር አላገኘሁም» ይላል። እናንተ ሄደሩን አሥር ጊዜ ታነቡታላችሁ፣ አንድም ፊደል አልተሳሳተም። ማክስ ፔጅ ሳይዝ የሚባለውን የሊንከር አማራጭ 4096 ስታደርጉት ኮዱ በፋይሉ 4096ኛ ባይት ላይ ይገባል፣ ጉዳዩም ይዘጋል።

እግረ መንገዴን፣ ስክሪፕታችሁ ላይ ያልጠቀሳችኋቸው ሴክሽኖችም አሉ። ኮምፓይለሩና ሊንከሩ በራሳቸው የሚጨምሯቸው፣ እንደ ቢልድ አይዲ (የፋይሉ መለያ ቁጥር) ያሉ። ሊንከሩ ለእነዚህ በራሱ ግምት ቦታ ይፈልግላቸዋል፣ አንዳንዴም ከሄደሩ ፊት ይሰካቸዋል። «ኦርፋን ሃንድሊንግ» የሚባል አማራጭ አለ። ኤረር ላይ አድርጉት፣ ያልተጠራ እንግዳ ሁሉ ስሙ ይነገራችኋል።

እንዴት ይያዛል

ከመገመት በፊት ማየት። ሪድኤልፍ የሚባለው መሣሪያ የሴክሽኖቹን መነሻና የሚጠይቁትን ወሰን ያሳያል። ኤንኤም የሚባለው ደግሞ -n የሚለውን አማራጭ ስትሰጡት ሲምቦሎቹን በአድራሻ ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩ ሲምቦልና ሴክሽን የተለያዩበት ቦታ ራሱን ያጋልጣል። ቁጥሮቹ በሄክስ (በ16 መሠረት) ስለሚወጡ ማካፈል አያስፈልግም። በ4096 አላይን የሆነ አድራሻ መጨረሻው ሦስት ዜሮ ነው። በ2048 የሆነ መጨረሻው 000 ወይም 800 ነው። የእኔዋ ሠንጠረዥ 020 ብላ ነበር የምታልቀው። ሁለት ማታ ሙሉ በአንድ ትእዛዝ የሚታይ ነገር ስፈልግ ነበር ማለት ነው።

አንድ ተንኮልም አለችኝ። ከርነሉ ደህና ሲሆን፣ ምንም ሳይበላሽ፣ .ዳታ መጀመሪያ ላይ የማይረባ 36 ባይት ጨምሬ እንደገና እሠራዋለሁ። ከዚያ 100 ባይት። ከዚያ 1 ባይት። በዕድል የቆመ ነገር ካለ ከእነዚህ በአንዱ ይወድቃል፣ እኔም ምክንያቱን እያወቅኩ ነው የሚወድቀው።

በመጨረሻም አሰርት የሚባለውን የስክሪፕት ትእዛዝ ተለማመዱት። «የዚህ ሲምቦል አድራሻ ለ4096 ሲካፈል ቀሪው 0 ካልሆነ አቁም፣ ይህንንም ጽሑፍ አሳይ» ማለት ይቻላል። ሲምቦሉ ግን ለሌሎች ፋይሎች የሚታይ መሆን አለበት፤ በስታቲክ የታወጀን ስም ስክሪፕቱ አያውቀውም። ስህተቱ ኪውኢሙ ላይ ብልጭ ድርግም ከሚል ስክሪን ወጥቶ ተርሚናል ላይ የሚነበብ ዐረፍተ ነገር ይሆናል። እኔ ለፔጅ ዳይሬክተሪው፣ ለከርነል ስታኩና ለ.ቢኤስኤስ መጨረሻ አንድ አንድ ጻፍኩ። ስታኩ ላይ ያለው ከወራት በኋላ ጮኸ። ለካ አንዱን ፋይል ሳስተካክል አትሪቢዩቱን አብሬ ሰርዤዋለሁ። መልሼ ጻፍኩት፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።